በ36 ሰዓት የድምፅ ቅጂ ውስጥ ቁጥር 1678ን በኮምፒውተር እንዴት ለይቼ ላግኝ?

የማታ ተማሪ፦

ጤና ይስጥልኝ። ዓይነ ስውር ነኝ፤ ቀን ቀን አራት ኪሎ አካባቢ ባለ መሥሪያ ቤት በስልክ ኦፕሬተርነት እሠራለሁ፣ ማታ ማታ ደግሞ ሕግ እማራለሁ። በቅርቡ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ሙሉውን በድምፅ የተቀዳበት ፍላሽ እጄ ገብቷል። በበጎ ፈቃደኞች የተነበበ፣ በ43 የኤምፒ3 ፋይሎች የተከፋፈለና በጠቅላላው 36 ሰዓት ገደማ የሚፈጅ ቅጂ ነው። ንባቡ ጥርት ያለ በመሆኑ በዚያ በኩል ቅሬታ የለኝም፤ አንባቢዎቹን ባገኛቸው አመሰግናቸው ነበር እንጂ።

ችግሬ ሕግ እንደ ልብ ወለድ ጋደም ብለው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚያዳምጡት ነገር አለመሆኑ ነው። መምህራችን ክፍል ውስጥ «ቁጥር 1678ን አውጡ» ሲሉ ጓደኞቼ መጽሐፋቸውን ገለጥ ገለጥ አድርገው ወዲያው ያገኙታል። እኔ ዘንድ ያሉት ፋይሎች ግን «ቅጂ 1»፣ «ቅጂ 2» እየተባሉ የተሰየሙ በመሆናቸው የትኛው ቁጥር በየትኛው ውስጥ እንዳለ የሚጠቁም ምንም ነገር የለም። ቁጥር 1678 በ22ኛው ፋይል ውስጥ መሆኑን ያወቅሁት አንዱን በግምት ከፍቼ፣ ጥቂት ሰምቼ፣ ዘግቼ፣ ሌላውን እየከፈትሁ ነው። ይህ ፋይል የሚጀምረው በሥነ ጽሑፍና በኪነ ጥበብ ባለቤትነት ድንጋጌዎች ስለሆነ ወደ ውል ሕግ የሚገባው ከሩብ ሰዓት በኋላ ነው። እዚያ ከደረስሁ በኋላም ቁጥር 1678 ለአንድ ውል መኖር የሚያስፈልጉትን ነገሮች ከዘረዘረ በኋላ ስለ ፈቃድ ጉድለት ወደ 1696፣ ስለ ውሉ ጉዳይ ወደ 1711፣ ስለ ውሉ አጻጻፍ ደግሞ ወደ 1719 መሄድና ተመልሶ መምጣት አለ። የቀስት ቁልፍ እየተጫንሁ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ስል ክፍለ ጊዜው ያልቃል።

የምጠቀመው ዊንዶውስ ያለበት ላፕቶፕ፣ ኤንቪዲኤ የተባለው ነፃ ስክሪን ሪደር እና ቪኤልሲ ማጫወቻ ነው። አሁን ባለኝ ቅጂ ላይ ሳልቸገር ከቁጥር ወደ ቁጥር የምሄድበት ዘዴ ካለ ብትጠቁሙኝ፣ አንባቢዎቹ ሥራቸውን ሊያሻሽሉ ፈቃደኞች ቢሆኑስ ምን ብዬ ልጠይቃቸው? ወይስ ድምፁን ትቼ ጽሑፉን ፈልጌ ስክሪን ሪደሩ እንዲያነብልኝ ማድረጉ ይሻለኛል?


ጠበቃው ከካዛንቺስ፦

እህቴ፣ ያነሱት ጥያቄ እኔንም በተማሪነቴ ዘመን ብዙ ያንገላታኝ ስለሆነ ሳልመልስ ማለፍ አልቻልሁም። እኛ የተማርነው በካሴት ነው። የባለ 60 ደቂቃውን ካሴት አንዱን ገጽ ሰምተን ስንገለብጠው የቱ ጋ እንደነበርን ይጠፋን ስለነበር ሽፋኑ ላይ በብሬይል የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ቁጥር እንለጥፍ ነበር። ከውጭ በሚመጡ አንዳንድ የድምፅ መጻሕፍት ላይ ደግሞ ርእስ በተጀመረበት ቦታ በጣም ወፍራም የሆነ ድምፅ ይቀዳ ነበር፤ ካሴቱ በመደበኛ ፍጥነት ሲሄድ ያ ድምፅ እምብዛም አይሰማም፣ በፍጥነት ሲጠቀለል ግን ቀጥኖ «ጢጥ» ስለሚል ሰሚው ርእስ ማለፉን ያውቃል። በጣም ቀላል፣ ግን ብልህ ዘዴ ነበር። ይህን የማነሣው የእርስዎ 43 ፋይሎች ያ «ጢጥ» እንኳ የሌላቸው መሆኑን ለማሳየት ነው። ቅጂው ፍላሽ ላይ ተቀመጠ እንጂ ጠባዩ ገና ካሴት ነው።

መፍትሔው ዴይዚ በሚባለው አሠራር ውስጥ አለ። እ.ኤ.አ. በ1996 የተለያዩ አገሮች የዓይነ ስውራን ቤተ መጻሕፍት ተሰባስበው ባቋቋሙት የዴይዚ ኅብረት ሲሠራበት የቆየ የድምፅ መጽሐፍ ደረጃ ነው። እስከ ዛሬ በብዛት የሚገኘው 2.02 የሚባለው እትም የወጣው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው። ዴይዚ መጽሐፍ ማለት አንድ ፎልደር ነው፤ በውስጡ የድምፅ ፋይሎቹ፣ የመጽሐፉን ርእሶችና ገጾች በቅደም ተከተል የያዘ አንድ ማውጫ፣ እንዲሁም እያንዳንዱ ርእስ በየትኛው የድምፅ ፋይል በስንተኛው ሰከንድ እንደሚጀምር የሚናገሩ ትናንሽ ፋይሎች አሉ። ማጫወቻው እነዚህን አንብቦ «ቀጣዩ ምዕራፍ»፣ «ያለፈው ክፍል»፣ «ገጽ 212» ሲሉት በትክክል እዚያ ቦታ ላይ ይወስድዎታል። ስለዚህ ዴይዚ መጽሐፍ ሲሰጥዎ ፎልደሩን እንዳለ ይቅዱ፤ ድምፁን ብቻ ለይተው ከወሰዱ ማውጫው ቀርቶ ያው ካሴትዎ ተመልሶ ይመጣል። በኮምፒውተር ለማንበብ ቶሪየም ወይም ኢዚሪደር የተባሉት ነፃ ማንበቢያዎች ያገለግሉዎታል፤ ሁለቱም ከኤንቪዲኤ ጋር ይሠራሉ።

ለእኛ ለሕግ ሰዎች ደግሞ የሚገርም አጋጣሚ አለ። በዴይዚ ውስጥ ርእሶች እስከ ስድስት ደረጃ ድረስ ይዋረዳሉ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም በአማርኛው መጽሐፍ፣ አንቀጽ፣ ምዕራፍ፣ ክፍል፣ ንኡስ ክፍል፣ ቁጥር እያለ በስድስት እርከን የተደራጀ ነው። (በሌሎቹ ሕጎች «አንቀጽ» የምንለውን ይህ ሕግ «ቁጥር» እንደሚለው ያስታውሱ፤ የቀረጻው ሰዎች እዚህ ላይ ሊምታታባቸው ይችላል።) አንዱን እርከን መርጠው በቀስት ቁልፍ ከምዕራፍ ወደ ምዕራፍ ሲዘሉ የሕጉ አወቃቀር ራሱ በጆሮዎ ይገባዎታል። መጽሐፉን በዓይን የሚገልጥ ተማሪ እንኳ ይህን ያህል አያስተውለውም ብዬ አምናለሁ።

ሆኖም ለቁጥሮቹ እኔ የምመክረው ሌላ ዘዴ ነው። ሁሉም ቁጥር ከላዩ አምስቱም እርከኖች የሉትም፤ ክፍል የሌለው ምዕራፍ አለ፣ ንኡስ ክፍል የሌለው ክፍልም አለ። በዴይዚ ደግሞ ደረጃ መዝለል አይፈቀድም። ስለዚህ ቁጥሮቹ ርእስ ቢደረጉ አንዱ ቁጥር በአራተኛ ደረጃ፣ ሌላው በስድስተኛ ደረጃ ላይ ይወድቅና ፍለጋው እንደገና ይዘበራረቃል። ከዚህ ይልቅ አንባቢዎቹ የሕጉን ቁጥር በገጽ ቁጥር ቦታ እንዲያስገቡ ይጠይቋቸው። ማንበቢያውን «ወደ ገጽ ሂድ» ብለው 1678 ሲጽፉና ኢንተር ሲጫኑ ቁጥር 1678 ይነበብልዎታል። ከ1 እስከ 3367 ድረስ እንዲሁ ነው። ፍርድ ቤት ውስጥ ገጽ ጠቅሶ የሚከራከር ጠበቃ ስለሌለ በገጹ መቅረት የምናጣው ነገር የለም።


ቁልፍ ሠሪ፦

የጠበቃው ምክር ትክክል ነው፤ ነገር ግን አንባቢዎቹ እስኪደርሱልዎ ድረስ ዛሬ ማታ የሚሠራ ነገር እፈልጋለሁ ካሉ በእጅዎ ባሉት ፋይሎች ላይ ማውጫ ራስዎ መሥራት ይችላሉ። ፕሮግራም በመጻፍ ነው የምተዳደረው፤ ለአንድ ዘመዴ ይህን ስላደረግሁለት በተሞክሮ ነው የምናገረው።

ኦዳሲቲ የተባለውን ነፃ የድምፅ ማረሚያ ይጫኑና 22ኛውን ፋይል ይክፈቱበት። ድምፁ እየተጫወተ ሳለ አንባቢው «ቁጥር 1675» ሲል ኮንትሮልን ከ‹ኤም› ጋር ይጫኑ፤ እዚያ ቦታ ላይ ምልክት ይተከላል። 1675 ብለው ጽፈው ኢንተር ይበሉና ማዳመጥዎን ይቀጥሉ። ፋይሉ ሲያልቅ ኦዳሲቲ ምልክቶቹን በጽሑፍ ፋይል ያወጣልዎታል። በእያንዳንዱ መሥመር ላይ ምልክቱ የተተከለበት ሰከንድና የጻፉት ቁጥር ይገኛሉ።

ቀጥሎ ያንን ዝርዝር ወደ ተራ የኤችቲኤምኤል ገጽ መለወጥ ነው። እያንዳንዱን ቁጥር ሊንክ ያደርጉታል፤ ሊንኩ የሚያመለክተው የድምፅ ፋይሉን ስም ሆኖ ከስሙ ቀጥሎ የፓውንድ ምልክት፣ ‹ቲ› የምትባለው የእንግሊዝኛ ፊደል፣ የእኩል ይሆናል ምልክትና የሰከንዱ ቁጥር ይከተላሉ። ቁጥር 1678 የሚጀምረው በ17ኛው ደቂቃ ከ32ኛው ሰከንድ ላይ ከሆነ 1052 ብለው ይጽፋሉ። ገጹን በክሮም ወይም በፋየርፎክስ ከፍተው ሊንኩ ላይ ኢንተር ሲሉ ማጫወቻው ከመጀመሪያው ሳይሆን በቀጥታ ከዚያ ሰከንድ ይነሣል። ኤንቪዲኤን ከኤፍ7 ጋር ሲጫኑ በገጹ ላይ ያሉት ሊንኮች በዝርዝር ይቀርቡልዎታል፤ ማጣሪያው ውስጥ 1678 ብለው ቢጽፉ አንዱ ብቻ ይቀራል። የአንቀጽና የምዕራፍ ስሞችን ደግሞ በርእስነት ካስገቡ ‹ኤች›ን በመጫን ከርእስ ወደ ርእስ፣ ከ1 እስከ 6 ያሉትን ቁጥሮች በመጫን ደግሞ ከደረጃ ወደ ደረጃ ይሄዳሉ።

አንድ ነገር ግን አስቀድመው ያረጋግጡ። የዘመዴን ገጽ ሠርቼ ስጨርስ ሊንኮቹ ሁሉ ይስቱ ነበር፤ በፋይሉ መጀመሪያ አካባቢ ልዩነቱ ትንሽ ሆኖ ወደ መጨረሻው ሲደርስ ግማሽ ደቂቃ ያልፍ ነበር። ጥፋቱ የእኔ መስሎኝ ሁለት ምሽት ሙሉ ሰከንዶቹን ደግሜ ደጋግሜ ቆጠርሁ። በኋላ እንደተረዳሁት ኤምፒ3ው የተቀዳው እንደ ድምፁ ጠባይ መጠኑ ከፍና ዝቅ በሚል አሠራር ነበር፤ በዚያ ዓይነት ፋይል ውስጥ ማጫወቻው የአንድን ሰከንድ ቦታ የሚያገኘው በግምት ሊሆን ይችላል። ፋይሉን በኦዳሲቲ ከፍተው መጠኑ በማይለዋወጥ አሠራር፣ በሞኖ፣ በሰከንድ 64 ኪሎ ቢት ካስቀመጡት ችግሩ ይወገዳል። ለሰው ንግግር ይህ መጠን ከበቂ በላይ ነው፤ አንዱ ሰዓት 29 ሜጋ ባይት ገደማ ስለሚይዝ 36ቱም ሰዓት በአንድ ጊጋ ባይት አካባቢ ያልቃል።

ፋይሎቹንም እግረ መንገድዎን «01»፣ «02» ብለው ይሰይሟቸው። «1»፣ «2» ተብለው ከተሰየሙ አንዳንድ የፍላሽ ማጫወቻዎች ከ1 ቀጥለው የሚያጫውቱት 10ን ነው።


የቅዳሜ አንባቢ፦

ምናልባት እናንተ የምታነሡትን ቅጂ ካነበቡት አንዷ እኔ ልሆን እችላለሁ፤ ካልሆንሁም እንደዚያ ያለ ሌላ አንብቤአለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ተሰባስበን መጻሕፍት በድምፅ የምናነብ ሰዎች ነን፤ ስለዚህ በማይኩ በኩል ያለውን ልናገር።

በቅንነት ለመናገር፣ ስናነብ የምንቆርጠው ጉሮሯችን ሲደርቅ ወይም ተረኛው ሲመጣ ነበር። 22ኛው ፋይል ከአንድ ርእሰ ጉዳይ ጭራ ጀምሮ መሐል ላይ ወደ ውል የሚገባው በዚህ የተነሣ ነው። አድማጩ አንድን ቦታ ፈልጎ የሚመጣ መሆኑ አልታየንም፤ በጥሩ ድምፅ ከተነበበ በቂ ነው ብለን ነበር የምናስበው። አንድ አድማጭ መጥቶ ላፕቶፑን አጠገቤ አስቀምጦ ያነበብሁትን አንድ ቁጥር ሲፈልግ ከተመለከትሁ በኋላ ነው ነገሩ የገባኝ። አሥራ አንድ ደቂቃ ፈጀበት። የሚፈልገው ንባብ ግን ግማሽ ደቂቃ እንኳ አይሞላም ነበር።

ከዚያ ወዲህ የምንጠቀመው ኦቢ የተባለውን የዴይዚ ኅብረት ነፃ ፕሮግራም ነው። እህቴን የሚያስደስተው ነገር፣ እንደገና ማንበብ አያስፈልግም፤ ኦቢ አስቀድሞ የተቀዳን ኤምፒ3 ይቀበላል። ከዚያም በንባቡ መሐል ያለውን ዝምታ እየለየ ድምፁን ወደ አጫጭር ሐረጎች ይከፋፍለዋል፤ እኛ የሚቀረን የትኛው ሐረግ የርእስ መጀመሪያ፣ የትኛው የገጽ መጀመሪያ እንደሆነ ማመልከት ነው። ሥራው ሲያልቅ በዴይዚ ወይም ኢፐብ 3 በሚባለው የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ደረጃ ያወጣዋል። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው ኢፐብ 3 ድምፅን ከጽሑፍ ጋር የሚያጣምረው ከዴይዚ በወረሰው ዘዴ ስለሆነ አንዱን የሠራ ሰው ሌላውንም እንደሠራ ይቆጠራል።

ይህ ሁሉ በጸጥተኛ ክፍል ውስጥ ነው እንግዲህ። እኛ የምናነብበት ቤት ከዋናው መንገድ ዳር በመሆኑ አጠገባችን የኮሪደር ልማቱ ቁፋሮ በነበረባቸው ወራት የተቀዱት ፋይሎች ኦቢን ግራ አጋቡት። ከበስተኋላ የማያቋርጥ ጉርምርምታ ስላለ ፕሮግራሙ ዝምታ የሚባል ነገር አላገኘም፤ የሃምሳ ደቂቃውን ንባብ እንደ አንድ ሐረግ ቆጥሮ አስቀመጠው። የዝምታውን ልክ ከፍ ስናደርግለት ደግሞ «ውል» የሚለውን ቃል መጨረሻ እንደ ዝምታ እየወሰደ መቁረጥ ጀመረ። በመጨረሻ እነዚያን ፋይሎች በእጅ፣ በጆሮ እየተከታተልን ከፋፈልናቸው። ስለዚህ አዲስ ለሚቀዱ ሁሉ የምለምነው ከእያንዳንዱ ቁጥር በፊት ሁለት ሰከንድ ያህል ዝም እንዲሉ ነው። ለአንባቢው ረጅም ይመስለዋል፤ ለሰሚው ግን ምንም አይደለም፣ ለኦቢ ደግሞ ትልቅ ውለታ ነው።

በጠበቃው ሐሳብ ላይ ግን አንድ ቅሬታ አለኝ። በገጽ ቦታ የሕግ ቁጥር ማስገባት ለዚህ መጽሐፍ ይመች ይሆናል፤ ቅጂው ወደ ሌላ ቤተ መጻሕፍት ሲተላለፍ ግን ይህን የማያውቅ ሰው የታተመውን መጽሐፍ ገጽ ፈልጎ ሌላ ነገር ላይ ይወድቃል። ገጽ ገጽ መሆን አለበት ብለን ነው የተማርነው።


ጠበቃው ከካዛንቺስ፦

እመቤቴ፣ ሥጋትዎ ተገቢ ነው። የታተመው የሕጉ ቅጂ አንድ ዓይነት ቢሆን ኖሮ እኔም እስማማ ነበር። ነገር ግን በነጋሪት ጋዜጣው፣ በኋላ በታተሙትና ተማሪዎች ከየፎቶ ኮፒ ቤቱ በሚገዙት ጥራዞች መካከል ገጹ አይገናኝም፤ ቁጥሩ ግን በሁሉም ዘንድ አንድ ነው። ይልቁን በቅጂው መክፈቻ ላይ «በዚህ መጽሐፍ ውስጥ የገጽ ቁጥር የተባለው የሕጉ ቁጥር ነው» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር አንብባችሁ አስገቡ። በመማሪያ መጻሕፍት ላይ ግን የእርስዎ መርሕ ይጽና፤ መምህር ገጽ ጠቅሶ ንባብ የሚያዝዘው ከእነርሱ ነው።

ነገርን ነገር ያነሣዋልና፣ 22ኛው ፋይል የሚጀምርባቸው የሥነ ጽሑፍና የኪነ ጥበብ ባለቤትነት ቁጥሮች፣ ማለትም ከ1647 እስከ 1674 ያሉት፣ በቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ተሽረዋል። የቤተሰብ ሕጉም ክፍል እንዲሁ በፌዴራል ደረጃ በአዋጅ ቁጥር 213/1992 ተተክቷል። በዓይን የሚያነብ ተማሪ ጠርዙ ላይ «የተሻረ» ብሎ በእርሳስ ይጽፋል፤ ለሰሚውም ይህ ማስታወሻ በርእሱ ላይ በድምፅ ቢታከልለት መልካም ነው። እግረ መንገዴን ልጨምር፣ ይኸው አዋጅ 410 የሕግ ጽሑፎችን ከቅጂ መብት ጥበቃ ውጭ ስላደረጋቸው ሕጉን ለመቅዳትም ሆነ ለማባዛት የማንም ፈቃድ አያሻችሁም።


የአምስት ኪሎ ልጅ፦

ሦስተኛው ጥያቄ ስላልተመለሰ እኔ ልሞክር። ጽሑፉን ለስክሪን ሪደር መስጠት ለፍለጋ ከምንም ይበልጣል፤ ለማንበብ ግን በሕግ ላይ እጠነቀቅ ነበር።

ምክንያቱ የአማርኛ ጽሕፈት የሚጠብቀውንና የሚላላውን ፊደል የማይለይ መሆኑ ነው። «ምስክሩ ይሰማል» የሚለውን እንውሰድ። «ሰ» ከላላ ምስክሩ ጆሮው ደኅና ነው ማለት ነው፤ ከጠበቀ ግን ምስክሩ ቃሉን ይሰጣል ማለት ነው። «ውሳኔ ይሰጣል» የሚለውም እንደዚሁ ሰጪና ተሰጪን ያምታታል። ሰው ሲያነብ ከዐውዱ ተረድቶ ያጠብቃል፣ ያላላል። ከኤንቪዲኤ ጋር የሚመጣው ኢስፒክ የተባለው የኮምፒውተር ድምፅ አማርኛ ቢያነብም ይህን አይለይም፤ ድምፁም ደረቅ ነው። በማይክሮሶፍት ኤጅ ውስጥ ያሉት መቅደስና አምሃ የተባሉት የአማርኛ ድምፆች ከዚያ እጅግ የተሻሉና ለጆሮ የሚጥሙ ናቸው፤ ሆኖም ኢንተርኔት ይፈልጋሉ፣ አልፎ አልፎም ይሳሳታሉ።

ለፍለጋም ቢሆን ሁለት እንቅፋቶች አሉ። ቪዥዋል ግዕዝ በተባለው የድሮ የአማርኛ መጻፊያ የተጻፈ ፋይል ከሰጧችሁ ስክሪን ሪደሩ የሚያነብላችሁ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ድርድር ነው፤ ፊደላችን ዩኒኮድ ወደሚባለው ዓለም አቀፍ የኮምፒውተር ፊደላት ሥርዓት የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ስለሆነ ከዚያ በፊትም ሆነ ለጥቂት ዓመታት ከዚያ በኋላ የተጻፉ ብዙ ሰነዶች እንዲህ ናቸው። ሁለተኛው የሞክሼ ፊደላት ጉዳይ ነው። «ሕግ» ብላችሁ ስትፈልጉ «ህግ» ተብሎ የተጻፈው አይመጣም፤ ኮምፒውተሩ ሁለቱን እንደ ባዕድ ነው የሚያያቸው። ስለዚህ ቃል ከመፈለግ ቁጥር መፈለግ ይሻላል፤ እሱም ቢሆን 1678 በሌሎች ቁጥሮች ውስጥ ተጠቅሶ ሊገኝ ስለሚችል ርእስ ላይ ያለውን ለይቶ መያዝ ያስፈልጋል።

እኔ የማደርገው በጽሑፉ ፈልጌ ቦታውን ካወቅሁ በኋላ የሰውን ድምፅ ማዳመጥ ነው።


የማታ ተማሪ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ የደረስሁበትን ላሳውቃችሁ ተመልሻለሁ።

ቁልፍ ሠሪ ባሉት መንገድ 22ኛውን ፋይል ብቻ ሠራሁ። ምልክት መትከሉ ሁለት ምሽት ወሰደብኝ፤ ቁጥሩ ሲጠራ ቶሎ መጫን መስሎኝ የመጀመሪያዎቹን አሥር ያህል ዘግይቼ ተከልኋቸውና ሁሉም «...ሺህ ስድስት መቶ ሰባ አምስት» እያሉ ከመሐል ይጀምሩ ነበር። ሁለት ሁለት ሰከንድ ወደ ኋላ ስመልሳቸው ተስተካከሉ። የፋይሉ መጠንም እንዳሉት የሚለዋወጥ ሆኖ ስለተገኘ አስቀድሜ በ64 ኪሎ ቢት ደግሜ አስቀምጬዋለሁ። ወደ ኤችቲኤምኤል መለወጡን ግን አልቻልሁበትም፤ መሥሪያ ቤታችን ያለ አንድ ልጅ በምሳ ሰዓት ዝርዝሩን ወደ ኤክሴል አስገብቶ በአንድ ቀመር ሠራልኝ።

ሐሙስ ማታ ክፍል ውስጥ መምህራችን ከ1678 ወደ 1696 ሲሻገሩ አንድ ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ አድርጌ ተከተልኋቸው። 1719 ላይ ደግሞ ከአጠገቤ ከተቀመጠችው ልጅ ቀድሜ ደርሻለሁ፤ እሷ ገና ገጹን እየገለጠች ነበር።

ጋሼ፣ የገጹ ነገር ይሁንልን ብዬ የእርስዎን ሐሳብ ደግፌአለሁ። የቅዳሜ አንባቢ፣ ኦቢ ላይ ልታስገቡት የምትችሉ ከሆነ በ22ኛው ፋይል ላይ የተከልኋቸውን ምልክቶች እንዳሉ እሰጣችኋለሁ፤ ከቀረው ደግሞ ለፈተናዬ የሚቀድመው 23ኛው ስለሆነ ከእሱ ብንጀምር ደስ ይለኛል።


የቅዳሜ አንባቢ፦

እሺ እህቴ፣ ከ23ኛው እንጀምራለን። ውል በተዋዋዮቹ ላይ እንደ ሕግ ያስገድዳል የሚለው ቁጥር 1731 እዚያ ውስጥ መሆኑን አስታውሳለሁ፤ ያነበብሁት እኔ ስለሆንሁ በመሐሉ አንድ ጊዜ አስሎኛል፣ እሱንም በዚያው ቆርጬ አወጣዋለሁ። ፍላሽዎን ይዘው ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት በኋላ ብቅ ይበሉ፤ አድራሻውን በግል እልክልዎታለሁ።